የፍልፈል አሥረኛ በር

ተረት ተረት። «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ ነገሩ የሆነው ከሙጃ ተነስቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ሲወጣ፣ ጓሳውና ጅባራው ውስጥ ነው። ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ውርጭ የወረደበት ዓመት የገብሱ ዛላ ቆሞ ይታያል እንጂ ቢያሹት ፍሬ የለውም። ስለዚህ የጓሳው አውሬ ሁሉ የቀናውን እየለቀመ በየጉድጓዱ ይቀብራል። ፍልፈል ለጉድጓዷ ዘጠኝ በር ታበጃለች፤ ዘጠኙን መንገደኛም ያውቃቸዋል። አሥረኛው የማምለጫ ነው። እሱን እናት ለልጇ ትነግራለች እንጂ ለባሏም አትነግር።

አንድ ክረምት ጎርፍ ገባና የተቀበረው ገብስ ግማሹ በቀለ፣ ግማሹ ሻገተ። እንስሳቱ ተሰብስበው መከሩ። ዝናብ የማይደርስበት ዋሻ መርጠው የጋራ ጎተራ አደረጉት፤ ጠባቂነቱን ለጃርት ሰጡ። ጃርት ድንች ያልሰረቀበት ማሳ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ግን ጀርባው ሙሉ ብዕር የሆነ ሌላ ማን አለ?

መጀመሪያ ጠያቂ አልነበረም። ያገኘ ያስገባል፣ የራበው ያወጣል። በኋላ ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው የአንድ ገበሬ ነዶ አራገፉና፣ ገለባው ከጸጉራቸው ሳይወርድ ጎተራ አስገቡት። ገበሬው የፈሰሰውን ፍሬ እየተከተለ መጥቶ ዋሻው አፍ ላይ ጭስ አጨሰ። የሰረቀውም ያልሰረቀውም እኩል ሲያስነጥስ አደረ። በማግስቱ ሕግ ወጣ፤ ስሙን ያልተናገረ፣ ጉድጓዱን ያላስመዘገበ፣ ገብሱን ከየት እንዳመጣው ያላስረዳ አንዲት ፍሬ አያስገባም።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁም። በዚህ ሕግ የሚስቅ አለ፤ እኔ አልስቅም። የእኛም አገር ሕግ ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁ፣ በዛ ያለ ጥሬ ገንዘብ ሲገባና የሚያጠራጥር ነገር ሲያዩ እንዲያሳውቁ ያዝዛል፤ የዘረፈ ሰው ብሩን በባንክ አጥቦ እንዳያወጣው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ለውጡ ሲታወጅም የተባለው ይኸው ነበር። አሮጌው 10፣ 50 እና 100 ብር በአዲስ ተተካ፣ ባለ 200 ተጨመረ፣ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከሌማት ሥርና ከጋን ውስጥ ጭስ ጭስ የሚል ብር ወጣ። ለማንም ሳያሳይ የኖረውን ጥሪት ሰው በሰልፈኛ ፊት ቆጠረው። ዛሬ ደግሞ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፋይዳ ለማውጣት የአሥር ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ይሰጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል። ወደ ጃርት እንመለስ።

እማማ ፍልፈል አንድ ማለዳ ሦስት እፍኝ ገብስ ይዘው መጡ። ለራሳቸው አይደለም፤ ከሸንተረሩ ማዶ ላገባችው ልጃቸው ነው። ጃርት ከጀርባው አንዷን ብዕር ነቀለና ጫፏን ላሰ።

«ስምዎ?»

«ፍልፈል።»

«የሚያስገቡት ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

«የእርስዎ ካልሆነማ የእርስዎንም የእሷንም እጽፋለሁ። ጉድጓድዎ ስንት በር አለው?»

«ዘጠኝ።»

ጃርት ብዕሩን አቁሞ አያቸው። «እማማ፣ የፍልፈል ጉድጓድ በር አሥር ነው። ሕግ ነው፣ ሙሉውን ይንገሩኝ።»

እማማ ፍልፈል ወዲያ ወዲህ አዩ። ገብሱን ተሸክመው እንዳይመለሱ ዳመናው ከብዷል። ወደ መስኮቱ ተጠግተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው፣ በጆሮው ነገሩት።

ጃርትም እየጻፈ፣ እንደ ልማዱ፣ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ፍልፈል! ሦስት እፍኝ! አሥረኛው በር ከትልቁ ጅባራ ሥር፣ በስተምሥራቅ! ልክ ነው አይደል እማማ?»

ይህን ድምፅ ከተረት ብቻ አላውቀውም። አክስቴን አንድ ቀን ባንክ አድርሻት ነበር። በግ ሸጣ ያገኘችውን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን ደግሞ በነጠላዋ ሸፍና ነው የሄደችው። መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ፈታችው። ገንዘብ ተቀባዩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቆጥሮ ሲጨርስ መጠኑን ከነስሟ አዳራሹ እስኪሰማ ጠራውና «ልክ ነው እናቴ?» አላት። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ቀና አለ። አክስቴ ወደ ቤት ስትመለስ ሦስት ጊዜ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። መታወቂያ በመጠየቋ ግን እስከ ዛሬ ቅር ብሏት አያውቅም።

በጎተራውም አግዳሚ ነበር። ያን ማለዳ ዳር ላይ ቀይ ቀበሮ ጅራቷን በእግሯ ሥር ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ተራ ትጠብቃለች። የምታስገባው ገብስ አልነበራትም፤ ቀበሮ ገብስ ምን ይሠራላታል! ማንም አልጠየቃትም። ሕጉ የሚጠይቀው የሚያስገባውን ነው እንጂ የሚቀመጠውን አይደለም።

አያ ጅቦም በዚያው ሌሊት አህያ አህያ የሚሸት ስልቻ ይዞ መጣ። ጃርት «ከየት የመጣ ነው?» ሲለው «ከዘመድ» አለ። ጃርት «ከዘመድ» ብሎ ጻፈ፤ እሱን ግን በሹክሹክታ ነበር ያነበበው።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ከጅባራው በስተምሥራቅ አፈሩ ተምሶ ተገኘ። የእማማ ፍልፈል የመጨረሻ ልጅ ሁልጊዜ የሚወጣው በዚያ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትንሽ ቀይ ጸጉር ውርጭ ይዞት ቀርቷል።

አቤቱታው ጎተራው ድረስ ሄደ። ጃርት እሾሁን አቁሞ ተቆጣ። «መዝገቡ እንደተቆለፈ ነው! ቁልፉ ይኸውላችሁ አንገቴ ላይ!» እውነቱን ነው፤ መዝገቡን የነካ የለም። ሽማግሌዎች ገብተው አዩ፣ ሰንሰለቱን ጎተቱ፣ ማኅተሙን መረመሩ፣ ደህና ነው ብለው ወጡ። ለጥንቃቄ ሁለተኛ ቁልፍ ተጨመረ። ካሁን ወዲያ ደግሞ የሚያስገባ ሁሉ የፊት እግሩን ጣቶች ጭቃ ላይ እንዲያትም ተወሰነ።

ግማሹ እንስሳ ተቀየመና ገብሱን ወደ ጉድጓዱ መለሰ፤ በነሐሴ ዝናብ እንደገና በቀለበት። እማማ ፍልፈል ግን ማዶ ያለችው ልጃቸው ወልዳለች፤ ጎተራው ካልሆነ ቀለብ የሚደርስላት በምን ነው? ጎህ ሲቀድ ሁለት እፍኝ ቋጥረው መጡ። መጀመሪያ አግዳሚውን አዩት። ዳር ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ተቀምጣለች።

ጣታቸውን ጭቃው ላይ አተሙ። መስኮቱ ጋ ተጠግተው አፋቸውን ከለሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ አዲስ የቆፈሩትን በር ነገሩት።

ጃርት ብዕሩን ከመዝገቡ ላይ አነሳ።

«አልሰማሁም እማማ፤ ጮክ ይበሉ።»