ዋኔና እረኛ፦ በፋርጣ ቁጥቋጦ ስለሚካሄደው አደን የቀረበ ጥናት

በፋርጣ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ተራራ ግርጌ፣ ቀጋና ክትክታ በበቀለበት ሁሉ አንድ ጥንታዊ አደን ይካሄዳል። አዳኙ እረኛ፣ መሣሪያው ወንጭፍ፣ ታዳኞቹ ዋኔና ርግብ ናቸው። ምሁራን ጉዳዩን እስካሁን ችላ ያሉት፣ እነሱም በልጅነታቸው ስለሳቱ ሳይሆን አይቀርም።

ታዳኞቹ በሦስት ይመደባሉ። አንደኛዋ ጠቆር ያለችው፣ አንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት ያላት የደጋ ዋኔ ናት። ሁለተኛው ክንፉ ነጭ ጠቃጠቆ፣ የዓይኑ ዙሪያ ቀይ የሆነው ርግብ ነው። ሦስተኛው ማጅራቱ ነጭ የሆነው ርግብ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም አገር አይገኝም። አንደኛዋንና ሦስተኛውን በ1837 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እረኛው ከሩፔል በፊትም ያውቃቸው ነበር፤ ያላሳተመው ብራናው ለዳዊት ስለተፈለገ ነው።

ዋኔ ብድግ ስትል ክንፏ ያጨበጭባል። ለባልንጀሮቿ ማስጠንቀቂያ ነው የሚል አስተያየት አለ። እረኛው ግን ጭብጨባውን ለውርወራው የተሰጠ አድናቆት አድርጎ ስለሚወስደው ሁለተኛ ጠጠር ያነሣል። ይህኛው ጠጠር ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሰው ቆርቆሮ ላይ ነው።

ባለ ነጭ ማጅራቱ ርግብ ግን የሕግ ዕውቀቱ የላቀ ነው። ገደል ላይ እንደሚያድር ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይም ያድራል። ድሮ ጥፋተኛ ሰው ደብር ገብቶ ይማጠን ነበር፤ ይህ መብት ዛሬ ሳይሸራረፍ የቀረው ለርግብ ብቻ ነው። ቅጥሩን የተሻገረ ወንጭፍ ቄሰ ገበዙን ያስነሣል።

የአደኑን ኢኮኖሚ ስንመረምር ነገሩ ይከብዳል። የደጋ ዋኔ ከነላባዋ ሩብ ኪሎ አትሞላም። እሷን ለመቅረብ በደረት ሲሳቡ የሚቆረጠመው ቆሎ ከሥጋዋ ይበልጣል። ዓይን ዛፍ ላይ ሳለ ደግሞ በሬዎቹ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ይገባሉ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳው በቁና ይሰፈራል፣ ልጁም ማታ በአባቱ አርጩሜ የአደን ፈቃዱን ያድሳል።

እዚህ ላይ አንድ የተፈጥሮ ሐቅ መታወስ አለበት። ዋኔ በአብዛኛው የምትመገበው መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ ለቅማ ነው። ገብሱን ረግጦ የሚያረግፍላት ትሻለች፤ በሬ ይህን አሳምሮ ይሠራል፣ የሚያግደው እረኛ ብቻ ነው። እሷም በማግስቱ እዚያው ማሳ ላይ ትገኛለች።

ስለዚህ የጥናቱ ድምዳሜ ይህ ነው፦ በፋርጣ ቁጥቋጦ የሚታደነው እረኛው ነው። ከብት ያላችሁ አንባቢያንም ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ ስንት ዋኔ እንደገደለ አትጠይቁት፤ በሬዎቹ የት እንደዋሉ ጠይቁት።