ስፒከሩን ምታው!

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለዊንዶውስ ገንዘብ የከፈለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የምንጭነው ከፍላሽ ነው፤ ፍላሹም ከሌላ ፍላሽ የተወለደ፣ አያቱ የማይታወቅ ፍላሽ ነው። እንዲህ ሆነን ሳለ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያቆም ስንሰማ የደነገጥነው ድንጋጤ ለጉድ ነው። አፕዴት በመጣ ቁጥር «ካርዴን በላው!» እያልን ስናጠፋው የኖርን ሰዎች፣ «ከእንግዲህ አፕዴት የለም» ስንባል ሆድ ባሰን።

ከዚያ እንግዲህ ወደ 11 መሻገር ሆነ። ዊንዶውስ 11 በደንቡ ከሆነ፣ ኢንቴል ለሆነ ማሽን፣ ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የኛ ሰፈር ላፕቶፖች ደግሞ ስምንተኛን በሩቁ የሚያውቁ ናቸው። ለዚህም መላ አይጠፋም፤ የኮምፒውተር ቤት ልጆች ፍተሻውን የሚያዘልል ፍላሽ አላቸው። ማታ ሲጫን ያድራል፣ ጠዋት ይከፈታል። መልኩ ያምራል። ጎረቤት ተጠርቶ ያያል፣ ያደንቃል። «እስቲ አንድ ዘፈን ክፈትበት» ይላል ከመሀል አንዱ።

ጭጭ።

አቤት ያን ጊዜ የሚነሳው ሐኪም! አንዱ ስፒከሩን በጥፊ ያቀምሰዋል። አንዷ ጃኩን ነቅላ እፍ ትልበታለች፤ እፍ የምትለው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ። «መብራት እየሄደ እየመጣ አቃጥሎት ነው» የሚልም አይጠፋም። የሰፈሩ ሊቅ ግን ከበሩ ሳያልፍ «ቫይረስ ነው» ብሎ ይጨርሰዋል። ድሮ ለቡዳ ይሰጥ የነበረው ጥፋት ሁሉ ዛሬ ለቫይረስ ተላልፏል፤ ኮምፒውተር ቢያዘግም ቫይረስ፣ ፕሪንተር ወረቀት ቢነክስ ቫይረስ፣ አይጥ ገመድ ብትበላም ቫይረስ። ይህ ሁሉ ሲሆን በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ በድምፁ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ተሰክቷል። ጠጋ ላለ ሰው «የድምፅ መሣሪያ አልተጫነም» ብሎ በጽሑፍ ይነግራል። ማን አንብቦት! ኮምፒውተር የጻፈውን ከማንበብ ኮምፒውተሩን መምታት ይቀለናል።

በዚህ መሀል ከሁሉ የተቸገረው ዘፈን ጫኙ ልጅ ነው። ከጃቢ ጠህናን ገጠር በርበሬውን ሸጦ የመጣ አንድ ጎልማሳ ሚሞሪውን አወጣና «የሰርግ ዘፈን ሙላልኝ» አለው። ዘፈን ለመገልበጥ ድምፅ አያስፈልግም፤ ልጁ ዝም ብሎ ቢገለብጥ የሚጎድልበት ነገር የለም። ሰውየው ግን የበሬ ጥርስ ሳያይ የማይገዛ የጎጃም ገበሬ ነው። «በል አሰማኛ» አለ። ልጁ ግራ ቀኝ አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ራሱ አዜመለት። ሁለተኛውንም አዜመ። ሦስተኛው ላይ ትከሻውንም ጨመረበት። ሰውየው በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ዘፈኑስ ደግ ነው» አለ፤ «የዘፋኙ ድምፅ ግን አልጣመኝምና ዋጋውን ቀንስልኝ»።

ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። ድምፁን የምታወጣው ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ሪልቴክ የሚባለው የታይዋን ኩባንያ ሥራ ናት። ምልክቱም ሸርጣን ነው። (ባሕር ባላየ አገር ሸርጣን ጠፋብን ብሎ መጨነቅም ዕጣችን ሆነ።) ቺፗንና ዊንዶውስን የሚያግባባው ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው የጋራ ድራይቨር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሳይበቃ ሲቀር ነው ጉዱ የሚፈላው። ደግሞ ዛሬ የተጀመረ ጉድ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቪስታ ሲወጣ የድምፁን አሠራር ከሥሩ ስለለወጠው፣ የኤክስፒ ድራይቨሩን ተማምኖ የተሻገረ ሁሉ ዝም ያለ ማሽን ታቅፎ ቀርቷል።

መላው ከባድ አይደለም። ዲቫይስ ማኔጀር ይከፈታል፤ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት የተለጠፈበት መሣሪያ ውስጥ ሲገባ መለያ ቁጥሩ ይገኛል። «ቬን 10ኢሲ» የሚል ካለበት ሪልቴክ ነው። ከዚያ የላፕቶፑን ሞዴል ከሆዱ ላይ አንብቦ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ማውረድ ነው። ታዲያ «ሞዴሉ ምንድን ነው?» ስንባል በኩራት «ኤችፒ!» እንላለን። ስሙን ሲጠየቅ «ጎጃሜ ነኝ» እንደሚል ሰው።

ማውረዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከድምፁ ጋር የዋይፋዩ ድራይቨር አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ድራይቨር ለማግኘት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር። ስልክን በዩኤስቢ ሰክቶ ዳታ ማጋራት ይገላግላል። ይህን የተናገርኩ ዕለት ቤቱን የሞላው ሐኪም ሁሉ ስልኩን ወደ ኪሱ ከቶ፣ አንዱ ወጥ አሳረርኩ፣ አንዱ ከብት አላስገባሁም እያለ ተበተነ። ብልጥ ነኝ ያለው ደግሞ «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ የሚጭን» ፕሮግራም ከፍላሽ አምጥቶ አስነሳ። ድምፅ ፍለጋ ገብቶ የማያውቀውን ብሮውዘርና የማይነቀል አንቲቫይረስ ይዞ ወጣ። ድምፅ ብቻ የለም።

ድሮ እኮ የድራይቨሩ ሲዲ ከነካርቶኑ ከማሽኑ ጋር ይመጣ ነበር። የት እንዳለ ልንገራችሁ፤ ግማሹ ባጃጅ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ያብለጨልጫል። ግማሹ ገጠር ወርዶ ማሽላ ማሳ ውስጥ በክር ታስሮ ወፍ ይጠብቃል።

ጉዱ ቡሬም ደርሷል፤ የነገረችኝ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ «መሥሪያ ቤቱን እንዳትጠሪብኝ» ብላኛለች። ከበላይ አካል ጋር በኢንተርኔት ስብሰባ ተጠራ። አለቃው ከረባት አሰሩ፣ ሠራተኛው በወንበር ተደረደረ። ምስሉ ኩልል ብሎ መጣ፤ ድምፅ ግን ወፍ የለም። «አይሰማም» ብሎ መናገር «ኮምፒውተሩን ማን ነካው?» ያስብላል፤ የነካው ደግሞ የአለቃው የእህት ልጅ ነው። ስለዚህ ሁሉም ዋጥ አደረገው። የበላዩ አፍ ሲንቀሳቀስ ይጽፋሉ፣ ሲስቅ ይስቃሉ፣ ሲያጨበጭብ ያጨበጭባሉ። በቃለ ጉባኤውም ላይ «ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ሰፈረ።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ትውልዳቸው ማንኩሳ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከማንኩሳ ስለሚጀምር የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ማታ ማታ በላፕቶፕ የሚሰሙት እንደ ቤተሰብ ወሬ ነው። እሳቸውም ወደ 11 ተሻገሩና ወጋየሁ ጠፋ። ልንረዳቸው የገባን ሁሉ በየተራ ድምፅ ስንጨምር ዋልን፤ እኔ ላፕቶፑ ላይ፣ የጎረቤት ልጅ ማጫወቻው ላይ፣ ጎረቤታችን እትዬ ስፒከሩ ላይ፣ ያውም በጥፊ እያጀበች። የቀነሰ ግን አንድም ሰው የለም። አመሻሽ ላይ የልጅ ልጃቸው መጣና በካርዱ ጨክኖ ድራይቨሩን አውርዶ ጫነው። ቀዩ ኤክስ ብን አለ። ወጋየሁ በሦስታችን ጉልበት ቤቱን አናጋው፤ ዶሮዎቹ ከቆጥ ወረዱ፣ ውሻው አጥር ዘለለ፣ ጋሼ ጆሯቸውን ይዘው «ቀንሱት! ኧረ ቀንሱት!» አሉ።

እትዬ ግን ንቅንቅ አላለችም። እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ዞር ብላ አየችንና፣ «አላልኳችሁም?» አለች፤ «ትንሽ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው እንጂ!»