ዱቤው ዳገት ላይ ይከፈላል

የአዲስ አበባ ሰው በእግር መሄድን የወደደው ክፍያ ከተጣለበት ወዲህ ነው። ከመገናኛ እስከ አራት ኪሎ በነጻ ሂድ ቢሉት ታክሲ ተራ ላይ ፀሐይ ሲያነድደው ይውላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። እሁድ ሲሆን ግን ከፍሎ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ የቡድኑን ቲሸርት ለብሶ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ስታዲየም አካባቢ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል። ወዴት ነው ቢሉት በእግሬ ልሄድ ነው ይላል።

የእኛ ጉዞ ወደ ወንጪ ነበር። ማስታወቂያው ቁርስ፣ ምሳና ፎቶ በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን ከዘረዘረ በኋላ «የጉዞው ክብደት፦ መካከለኛ» ይላል። በማን ጉልበት እንደተለካ አይናገርም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2025 መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ ትሰለፋለች እየተባልን ስለኖርን፣ መካከለኛ የተባለ ነገር ሲመጣ ዝርዝር የመጠየቅ ልማዱ የለንም።

አውቶቡሱ ዓለም ገናን ሲያልፍ አስተባባሪው ማይክራፎን አነሳና ትውውቅ ተጀመረ። ስም፣ ሥራ፣ ከዚህ በፊት የወጣችሁበት ተራራ። አንዷ እንጦጦ አለች፤ አንዱ ራስ ዳሸን ብሎ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ አንገት አስዞረ። ተራው ከጎኔ የተቀመጡት ጡረተኛ ሻምበል ጋ ደረሰ። «እኔ ብዙ ተራራ ወጥቻለሁ» አሉ፤ «ግን ሁሉንም የወጣሁት ተከፍሎኝ ነው። ከፍዬ ስወጣ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።» ማይክራፎኑን መለሱና እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

የወሊሶ መንገድ በጥቅምት ያምራል። ከቱሉ ቦሎ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ወሊሶ ላይ ከዋናው አስፋልት ተገንጥለን ወደ ሰሜን፣ ወደ አምቦ አቅጣጫ ሽቅብ ስንል፣ ጤፉ ቦታውን ለእንሰት እየለቀቀ፣ የአውቶቡሱ መስኮትም አንድ በአንድ እየተዘጋ ሄደ። ሹራብ ያልያዘ ሰው ሹራብ የያዘውን በአክብሮት ማየት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ወንጪን ከሌላ ተራራ የሚለየው ጠባዩ እንግዲህ እዚህ ጋ ይመጣል። ሌላው ተራራ እግሩ ሥር ያወርድህና «በል ውጣ» ይልሃል። ላብህን አፍስሰህ፣ ተስፋ ቆርጠህ፣ እንደገና ጨክነህ ጫፍ ስትደርስ እይታውን ያሳይሃል፤ እጅ በእጅ ንግድ ነው። ወንጪ ግን በጥንት ዘመን የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሆዱ ሰምጦ ሐይቅ ሆኗል፣ ከንፈሩ ዙሪያውን ቆሟል። መኪናው የሚያደርስህ ከንፈሩ ላይ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ። ከወንበርህ ተነስተህ፣ እግርህን አፍታትተህ፣ ጥቂት እርምጃ እንደሄድክ ሐይቁ ከነደሴቱ፣ ከነቂርቆስ ገዳሙ፣ ከነአረንጓዴ ገደሉ እታች ተዘርግቶ ይጠብቅሃል። አንድ ጠብታ ላብ አልወጣህም። ወንጪ በዱቤ ነው የሚሸጥልህ።

ዱቤ ደግሞ ሲወስዱት ደስ ይላል። ተራራውን የወጣው የአውቶቡሱ ሞተር ሆኖ ሳለ፣ እኛ ጫፉ ላይ እጃችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን የድል ፎቶ ተነሳን። ራስ ዳሸንን የወጣው ሰውዬ በአንድ እግሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ አድማስ አድማሱን ተመለከተ። ሾፌሩ ብቻ ሲጋራውን እየሳበ ፈገግ ይላል፤ ስንቱን ሲያመላልስ ኖሯል።

ወንጪ ዘንድሮ የተገኘ መንደር አይምሰላችሁ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ መጀመሪያ ከመረጣቸው ውስጥ ወንጪ አንዱ ነው። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጦ መንገዱ ተጠርጓል፣ ሎጁ ተሠርቷል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳ ሲመሩ፣ ፈረስ ሲያከራዩ፣ በጀልባ ሲያሻግሩ ቆይተዋል። እኔን ያገኘኝም ከእነሱ አንዱ ነው፤ የኮንጎ ጫማ የተጫማ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ያጣፋ ጎረምሳ። ቀይ ፈረስ ይዟል።

«ጋሼ፣ ፈረስ?»

«አይ፣ በእግሬ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጫማዬን አየ፤ ሆዴ ላይ ትንሽ ቆየ። «እሺ» አለ በትሕትና፤ «እንግዲያው ሲመለሱ እንገናኛለን።»

ቁልቁለቱን ስለ ማውራት ብዙም አያስፈልግም። ሁሉም ሰው ወሬኛ ነው፤ ሁሉም ሰው ይዘፍናል። ጽዱና አስታው ይሸታል። የቡድኑ ልጆች መሮጥ ጀመሩ። በመሃል አንዲት እናት ጀርባቸውን ያጎበጠ የእንጨት ሸክም ይዘው ሽቅብ ሲመጡ መንገድ ለቀቅንላቸው። ቆም ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን፤ ከዚያ ቲሸርቶቻችንን በየተራ ተመለከቱና ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። አስጎብኚው ሳቀ። ምን አሉ ስንለው፣ «መኪናችሁ ተበላሽቶባችሁ ነው ወይ ይላሉ» አለን። ተከፍሎ እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አዘኑልን።

እታች ሐይቁ ዳር በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻግረን ቂርቆስን ተሳለምን፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጸጥታውም ደስ ይላል፤ እዚህ ላይ ምንም የምቀልድበት የለኝም። የምቀልድበት ምሳው ነው። ከዳገት በፊት ለሰው ክትፎ በቆጮ ማቅረብን ያሰበው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም። በላን። አምቦ ውሃ ጠጣንበት። ትንሽ ማር መጣና እሱንም ቀመስን፤ ከቀመስን በኋላ ደገምን። ከዚያ አስተባባሪው ፊሽካውን ነፋና ቀና ብለን ጠዋት ፎቶ የተነሳንበትን ቦታ አየነው። አውቶቡሱ ጉንዳን አክሎ ይታያል።

ዱቤው የሚከፈልበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው።

እኛ የደጋ ሰዎች ነን እያልን እንኮራለን። እውነት ነው፣ አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ናት። ነገር ግን 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሳንባ ደግሞ ኩራት አይገባውም። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ዘፈኑ ቆመ። ሁለተኛው ላይ ወሬው ቆመ። ከዚያ በኋላ ሰው የአበባ ስም እየጠየቀ መቆም ጀመረ፤ ዕፅዋትን እንዲህ የሚወድ ሕዝብ መሆናችንን አላውቅም ነበር። ራስ ዳሸንን የወጣው ሰውዬ የጫማውን ክር በየመቶ እርምጃው ያስራል።

ከኋላዬ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ቀዩ ፈረስ ነው፤ ባዶውን። ጎረምሳው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ይከተለኛል። አይጠራኝም፣ አይለምነኝም። ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል። አበዳሪ እንዲህ ጨዋ ሆኖ ሲመጣ ነው የሚያስፈራው።

በመጨረሻ ክብሬን አሰባስቤ «ስንት ነው?» አልኩት።

ዋጋውን ነገረኝ።

«እሱማ የሙሉው መንገድ ነው። እኔ እኮ ግማሹን በእግሬ ወጥቼዋለሁ።»

«ዋጋው የማኅበር ነው፣ ጋሼ» አለ። ቀጥሎም በርኅራኄ ሽቅብ በእጁ እያሳየኝ፣ «ደግሞ የቀረው እኮ ዳገቱ ነው።»

እስካሁን የወጣሁት ምን ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ተቀመጥኩ። ፈረሱ ግን ክትፎውን በእኔ በኩል የተሸከመው እሱ መሆኑን ስለተረዳ መሰለኝ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ከፈረስ ላይ ሆነው ሲያዩት ዓለም ይሻሻላል። ሐይቁ እንደገና ማማር ጀመረ። በእግራቸው የሚወጡትን ጓደኞቼን «በርቱ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያልኩ አለፍኳቸው፤ አንዳንዶቹ የመለሱልኝ መልስ እዚህ አይጻፍም። ጫፍ ደርሼ ስወርድና ስከፍል፣ ጎረምሳው ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና «ሌላ ጊዜም ይምጡ» አለኝ። ከልቡ ነው።

ያኔ ነው ሻምበል የመጡት። ከሁለተኛ ፈረስ ጋር ናቸው፤ ግን አልተቀመጡበትም። ጭራውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ፈረሱ እየጎተታቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው ጫፍ ወጡ። «መቀመጥ አልወድም» አሉ ሳንጠይቃቸው፤ «ወታደር በእግሩ ነው የሚሄደው።»

የፈረሱ ባለቤት ሒሳብ ጠየቀ።

«የምን ሒሳብ? ተቀምጬበታለሁ?»

ልጁ ግራ ገባው። ጓደኞቹን ጠራ፤ አምስት ስድስት ሆነው ተሰበሰቡ። በኦሮምኛ ረጅም ክርክር ተካሄደ፤ አንዱ ጭራውን ያሳያል፣ አንዱ ኮርቻውን ያሳያል፤ አንድ ሽማግሌም ከጎጆ ተጠርተው መጥተው ሁለቱንም ወገን አዳመጡ። በመጨረሻ የእኔው ጎረምሳ ተወክሎ መጣ።

«ጋሼ፣ ማኅበሩ ለጭራ ዋጋ አልቆረጠም።»

«እንግዲያው በነጻ ነዋ!» አሉ ሻምበል።

«አይደለም» አለ ልጁ፤ «በስምምነት ነው።»

አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ሻምበል ድርድሩን ቀጠሉ። በነገራችን ላይ ፈረሱ በጉዳዩ ላይ ምስክር ይሁን የሚል ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው።