«ልጁን መምከር ነው»

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከአሞራ ገደል የአሳ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ የሚሸጥ ቪላ አለ ተባልንና ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴና ከሦስት ዓመት ልጇ ጋር ልናየው ሄድን። ደላላው እስኪመጣ ሐይቁ ዳር የአሳ ሾርባ ጠጣን። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች በቀጫጭን እግራቸው ተገትረው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ፤ እኛ ደላላውን እንጠብቃለን። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን።

«ጋሼ፣ ይሄ ቤት እንዳይመስልዎት፤ ሪዞርት ነው» አለኝ መጥቶ። በሩ ብረት ነው፤ ሁለት ቁልፍና አንድ መቀርቀሪያ አለው። የግቢው አጥር ከእኔ ቁመት አንድ ክንድ ይበልጣል። አናቱ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ በሲሚንቶ ተተክሏል፤ በጠርሙሱ ላይ አደገኛ ሽቦ ተጠምጥሟል። ድመት እንኳ ኑዛዜዋን ሳትጽፍ አትሻገረውም።

ከሳሎኑ በረንዳ አራት እርምጃ ላይ መዋኛ ገንዳው ተዘርግቷል። አፉ ከወለሉ ሴራሚክ ጋር እኩል ነው፤ ከፍ ያለ ጠርዝ የለው፣ አጥር የለው፣ መዝጊያ የለው። ውሃው ከርሞ አረንጓዴ ሆኗል። ጥጉ ላይ አንዲት የልጅ ሸበጥ ተንሳፍፋለች፣ የግራ እግር። የማን እንደሆነች ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘኝም። እዚያው አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ጋር አንድ ሙክት በግ በገመድ ታስሯል። ለምን እንደታሰረ ዘበኛውን ጠየቅሁት።

«ውኃው ውስጥ እንዳይገባ ነዋ፣ ጋሼ! በግ ዘንድሮ ስንት እንደገባ አልሰሙም?»

ወደ ደላላው ዞርኩ። «የገንዳው አጥርስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «አጥርማ ቪው ያበላሻል። ልጁን መምከር ነው!»

ይህን ጥበብ እስከ ዛሬ እንዴት ሳንደርስበት ቀረን? ጫማውን ግራና ቀኝ አምታቶ የሚያጠልቅ ሕፃን በምክር ከውኃ የሚርቅ ከሆነ፣ ነፍስ ያወቀ ሌባማ እንዴት በምክር ከሰው ግቢ አይርቅ? ስለዚህ የግቢው አጥር ይፍረስ። እሱም እኮ ቪው ያበላሻል፤ ሐይቁን ጋርዶታል። አደገኛ ሽቦው ለቆራሌው ይሸጥ። ዘበኛው ዱላውን ጥሎ ወንበር ይሰጠው፤ ከእንግዲህ አማካሪ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ጀማሪ ሌቦችን፣ ቅዳሜ ሌሊት ነባሮቹን ያስተናግዳል። ሻይ በቤቱ ባለቤት ወጪ ይቀርባል፤ በጾም ቀን ዳቦው ያለ ቅቤ ይሆናል። ሰምቶ የማይመለስ አንድ ግትር ቢገጥመውና ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ቢወጣ፣ ዘበኛው እስከ አስፋልቱ ሸኝቶት «ወንድሜ፣ መክሬህ አልነበር?» ይለዋል። ሌባውም አንገቱን ይደፋል፣ ቴሌቪዥኑ ከብዶት። በማግስቱ ጎረቤት ለማስተዛዘን ሲመጣ አባወራው «ምን እናድርግ፣ መክረነው ነበር» ይላል፤ ጎረቤትም «እናንተማ የአቅማችሁን አድርጋችኋል» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ዘዴው በሐዋሳ ከሠመረ ባንኮች ይከተላሉ፦ የካዝናው በር ይነሳና በቦታው «ክቡር ደንበኛችን፣ እባክዎ አይውሰዱ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በጉም ይፈታ፤ ይመከር።

ምክሩ እስኪሠራ ልጁን የመጠበቁ ዕዳ የቤት ሠራተኛዋ ነው፤ በአንድ ዓይኗ ቡናውን፣ በሌላው ልጁን ትጠብቃለች፤ ቡናው ቢያር ቁጣ ይወርድባታል፣ ልጁ ቢያመልጣት ትከሰሳለች።

እሺ፣ ሽሙጡ እዚህ ላይ ይብቃኝ። ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም። አየር እያጣ ለመጮህ ትንፋሽ የለውም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዝም ብሎ ያልቃል። እናት ሳሎን ተቀምጣ ስልክ እያወራች፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ምንም ሳትሰማ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓለም 300,000 ገደማ ሰው በመስጠም ሞቷል፤ ከአራቱ አንዱ ያህል አምስት ዓመት ያልሞላው ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው! እሱን ነው የምንመክረው።

ደላላው አንድ መከራከሪያ ቀርቶት ነበር፦ «ሐይቁስ መች አጥር አለው?» እውነት ነው፣ የለውም። ግን ሐይቁ ሐይቅ መሆኑን አይደብቅም፤ ዳሩም አሳ አስጋሪ፣ ጀልባ ቀዛፊና ሾርባ ሻጭ ሞልቶታል። ደግሞስ ሐይቁን ከሳሎን አራት እርምጃ ላይ የቆፈረው ማን ነው?

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ጣሪያውን በመከታ እንዲከልል ኦሪት ዘዳግም 22፥8 ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2077 ሕንጻ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ። ገንዳ የሕንጻ አካል ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር የጠበቆች እንጀራ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ያቆሩ ጉድጓዶች ይደፈኑ፣ ወይም ይታጠሩ እያለ ይለምናል። እኛ እዚህ ጉድጓዱን ሴራሚክ አልብሰን ዋጋ ጨመርንበት።

አውስትራሊያ ውስጥ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ገንዳ ያለው ቤት ሲሸጥ የአጥሩ የምርመራ ወረቀት ከሽያጭ ውሉ ጋር ይያያዛል። አጥሩ ከ1.2 ሜትር ማነስ የለበትም፤ በሩም ራሱን የሚዘጋ መሆን አለበት። ጉድለት እያለበት የተሸጠ እንደሆነ ገዢው በ90 ቀን ውስጥ ማስተካከል አለበት። ይህን ለደላላው ብነግረው «እነሱ ፈሪዎች ናቸው» አለኝ። ሰዎቹ በወንዞቹ አዞ ባለበት አገር የሚኖሩ ናቸው።

ስንወጣ እህቴ ልጇን አዝላው ነበር። በግቢው ውስጥ በቆየንበት ሃያ ደቂቃ አንድም ጊዜ አላወረደችውም፤ ጀርባዋ በላብ ርሷል። ደላላው «ዋጋው ላይ እንነጋገራለን» አለ። በሩን ስናልፍ ዘበኛው ሁለቱን ቁልፎች ቆለፋቸው፣ መቀርቀሪያውንም ደገመ።

ቤቱ አልተሸጠም። ልታዩት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ልጃችሁን ከሰው ቤት ትታችሁ ሂዱ።