ስለ ፑሻፕ ቆጠራና ስለ ትከሻ ዕድገት፦ አንድ የሰፈር ጥናት

በማለዳ መስቀል አደባባይ የወጣ፣ ወይም ከጅምር ሕንፃ ጀርባ ያለችውን የሰፈሩን ሜዳ የጎበኘ ሰው፣ በመዳፉና በእግሩ ጣቶች ተደግፎ ከመሬት የሚነሣና ወደ መሬት የሚመለስ ወጣት አያጣም። ከአጠገቡ ቆሞ የሚቆጥርለት ሌላ ወጣትም አለ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል። ይህ ጥናት ሁለተኛውን ከተረሳበት ለማውጣት የተሰናዳ ነው።

የጥናቱን ወሰን አስቀድሞ መግለጽ የሙያው ወግ ነው። ብረት የሚገፉት፣ ማለትም ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው በቧንቧ ያያያዙት ነባር ስፖርተኞቻችን፣ እዚህ አልተካተቱም። የእነሱ ሸክም ሜዳው ዳር ተቀምጦ ስለሚውል የተጠራጠረ ሄዶ ሊሞክረው ይችላል። የፑሻፕ ሸክም ግን ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ አቧራውን አራግፎ አብሮት ወደ ቤት ይገባል። ለትውልድ የሚቀረው ማስረጃ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ሸክሙ ተለክቷል። በተለመደው ፑሻፕ መዳፍ ላይ የሚያርፈው ከሰውነት ክብደት 64 በመቶ ያህሉ ነው። ጉልበት መሬት ሲነካ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል፤ እግር 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነገር ላይ ሲሰቀል ወደ 74 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በእያንዳንዱ ፑሻፕ 45 ኪሎ ገደማ ይገፋል፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ማለት ነው። ይኸው ወጣት ማለዳ ይህን ሸክም ሃምሳ ጊዜ መግፋቱን በምስክር ያረጋግጣል። ረፋዱ ላይ እናቱ ግማሽ ኩንታሉን አንድ ጊዜ ብቻ ወፍጮ ቤት እንዲያደርስላቸው ሲጠይቁት ትከሻውን እያመመው መሆኑን ይገልጻል። አጥኚው ሁለቱንም ቃል ተቀብሎ መዝግቧል። መመርመር ያለበት ቆጠራው ነው።

ቆጠራ በሰፈራችን ሂሳብ መምህራን እንደሚያስተምሩት አይጓዝም። እስከ አሥር ድረስ ሁሉም ነገር ሙሉ ነው፤ ደረት ወለሉን ሊነካ ይደርሳል፣ ክንድ ጥርት ብሎ ይዘረጋል። አሥራ አምስት ላይ ክርን መታጠፉን ይቆጥባል። ከሃያ ወዲያ ወገብ መሬት ላይ ይቀርና የሚነሣው ከወገብ በላይ ያለው ክፍል ብቻ ይሆናል። ሠላሳ ሲቃረብ የሚሠራው አንገት ነው፤ ወደ ታች ሲሰበር አንድ፣ ሲቃና ሌላ አንድ ይቆጠርለታል። በሜዳው ዳር ሴት ልጆች ካለፉማ ከሃያ ስምንት ቀጥሎ የሚመጣው አርባ ነው። ቆጣሪው በኋላ ማኪያቶ የሚጋበዝ መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጥናቱ ለመደምደም አይቸኩልም። ጃፓናዊው ሚኖሩ ዮሺዳ እ.ኤ.አ. በ1980 ሳያቋርጥ 10,507 ፑሻፕ ሠርቶ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። የእኛ ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ ከቁርስ በፊት ይገላገል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በ1,104 ወንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ከ40 በላይ ፑሻፕ የሠሩት፣ አሥር እንኳ ካልሞሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በተከታዮቹ አሥር ዓመታት የልብና የደም ሥር ሕመም የገጠማቸው በ96 በመቶ ያነሰ ነበር። አጥኚዎቹ ፑሻፑ ራሱ ልብን አዳነ አላሉም፤ ሰፈራችን ግን ብሏል። ወሬው ከደረሰን ወዲህ አርባ የማይሞላ ሰው ጠፋ። ያልደረሰን ነገር ቢኖር አሠራሩ ነው፦ ፑሻፑ የሚሠራው በደቂቃ 80 ጊዜ በሚመታ ሜትሮኖም ልክ ሲሆን፣ ሦስት ምት ያመለጠው ሰው ቆጠራው እዚያው ያበቃበታል። ሜትሮኖም አንጀት የለውም፤ ማኪያቶም አይጠጣም።

አሁን ወደ ትከሻ። ትከሻን ያለበሰው ጡንቻ የፊት፣ የጎንና የኋላ ክፍል አለው። ተራ ፑሻፕ ሥራውን የሚያከፋፍለው ለደረት፣ ለክንድ ጀርባና ለፊተኛው የትከሻ ክፍል ነው፤ ጎኑ ፍርፋሪ ይደርሰዋል፣ ኋላው ቆሞ ያያል። ትከሻውን ማጠንከር የፈለገ ሰው መቀመጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ አናቱን ወደ ወለል መላክ አለበት፤ ሁኔታው አልጋ ሥር የገባ ነጠላ ጫማ ከሚፈልግ ሰው አይለይም። ያን ጊዜ ክብደቱ ከደረት ወደ ትከሻ ይዞራል። ይህን የለመደ እግሩን በርጩማ ላይ ይሰቅላል። የበረታ በእጁ ቆሞ እግሩን ግድግዳ ያስደግፋል፤ እዚህ ላይ ትከሻ ከሞላ ጎደል መላውን ሰው ይሸከማል። በዝግታ መውረድና ታች ጥቂት መቆየትም ያጠነክራሉ። ክርንን ወደ ጎን ከመበርገድ ወደ 45 ዲግሪ ሰብሰብ ማድረግ መገጣጠሚያውን ያሳርፈዋል። የኋላው ክፍል ግን የሚሰማው መጎተትን ነው፤ አግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ ይሻል።

ዋናው ግኝት ይህ ነው፦ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ቁጥር ይቀንሳል። ሃምሳ የሚሠራው ልጅ መቀመጫውን ሰቅሎ በዝግታ ቢወርድ ስምንት ላይ ይወድቃል። ሰፈሩ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲባል ያለ ማመንታት ቁጥሩን መርጧል፤ ትከሻ ሹራብ ውስጥ ይውላል፣ ቁጥር ቡና ላይ ይወራል።

የትከሻ ፍላጎት የሚያሻቅበው በሠርግ ወራት፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። የፋሲካው ወቅት ለአጥኚ ልዩ ዕድል ይሰጣል። 55ቱን የሁዳዴ ቀናት በሽሮ የጾመ ሚዜ ክብደቱ ስለሚቀንስ ፑሻፑ ይቀልለታል፤ ቁጥሩ ሲፋፋ ትከሻው ይከሳል። ልዩነቱን ልብስ ሰፊው በሱፉ ውስጥ በሚከተው ስፖንጅ ያካክሰዋል። ጥናቱ እስከሚያውቀው ድረስ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ትከሻ የጨመረ ሌላ ዘዴ የለም።

የትከሻውን መንገድ የመረጠ አንድ ተከራይ ብቻ ተገኝቷል። በሩን ዘግቶ፣ ያለ ቆጣሪ፣ እግሩን ግድግዳ አስደግፎ ይሠራል። ሜዳ ላይ ስንት እንደሚሠራ ሲጠየቅ «ሰባት» አለ። ልጆቹ ከልብ አዘኑለት፤ አንዱም ለጊዜው ጉልበቱን መሬት አስነክቶ እንዲጀምር መከረው። አከራዩዋ በበኩላቸው የውኃ ሒሳብ ሊነግሩት ሲገቡ ከቁመታቸው በላይ ኖራው ላይ የታተመ የጫማ ዳና አዩ።

«ልጄ፣ እዚህ ድረስ በምን ወጣህ?»

«ፑሻፕ ስሠራ ነው፣ እማማ።»

«ፑሻፕማ የእኔም ልጅ ይሠራል፣ በቀን መቶ። ግድግዳ ነክቶ አያውቅም» አሉና የቀለሙን ከሚቀጥለው ወር ኪራይ ጋር ደመሩበት።