ሰልፍ፤ ከማጅራት በኩል የተደረገ ጥናት

ሰልፍ ማለት አንድ ሰው የሌላውን ማጅራት እያየ የሚቆምበት ሁኔታ ነው። ይህ ፍቺ እስከ ዛሬ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያልገባው አዘጋጆቹ ሥራቸውን ተቀምጠው ስለሚሠሩ ይመስለናል።

ጥንት ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰልፍ ውጊያ ነው። በቀድሞው የመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ዳዊትና ጎልያድ የተገናኙት ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፈኛ ሲባልም ጦረኛ ማለት እንጂ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሰው ማለት አልነበረም። ሰው የሚቆምበት ቦታ ማዕረጉ ነበር፦ ከፊት ፊታውራሪ፣ በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች። የዛሬን ተመራማሪ የሚያስገርመው ግን ያኔ ፊት መሆን ትርፍ ያልነበረው መሆኑ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከፊት ነበሩ፤ እዚያው ወደቁ። በእኛ ዘመን ከፊት የቆመ ሰው ዘይት ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ማዕረግ ግን የሚሰጠው የለም። ከኋላ ያለውም ያኔ ደጀን ይባል ነበር። አሁን «መጨረሻው አንተ ነህ?» ይባላል።

ቀጥሎ ሰላማዊ ሰልፍ መጣ፤ በጥንቱ ፍቺ ሰላማዊ ውጊያ መሆኑ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወጡ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው ሲሰለፉ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። የዚህ ዓይነቱ ሰልፍ ጠባይ ከፊት መስኮት የሌለው መሆኑ ነው፤ ሰልፈኛው የሚፈልገውን ነገር የሚሸጥ ሰው አይታይም። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ የጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። ሕጉ «ማሳወቅ» ሲል ሕዝቡ «ማስፈቀድ» ይላል፤ ሕዝቡ በቋንቋ አጠቃቀም ረገድ ከሕጉ ይልቅ ልምድ አለው። ማሳወቂያው የሚገባው መዝገብ ቤት ተሰልፎ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሰልፍ በፊት ሌላ ሰልፍ መኖሩ በሳይንስ ተረጋግጧል። የድጋፍ ሰልፍ ሲሆን ግን 48ቱ ሰዓት ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።

አደባባዩ ራሱ አቋም የለውም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 29 የገዢው ፓርቲ ደጋፊዎች፣ በማግስቱ የተቃዋሚው የቅንጅት ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞልተውታል። የትኛው ቀን የበለጠ ሞላ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የተቆጠረው በስሜት ስለሆነ ጥናቱ አይገባበትም።

በደርግ ጊዜ ያው አደባባይ አብዮት አደባባይ በነበረበት ዘመን፣ መስከረም 2 በመጣ ቁጥር ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በተርታ ተሰቅለው ሕዝቡ ከሥራቸው በየቀበሌው ያልፍ ነበር። ይህን ዘመን ዘልሎ የሚያልፍ ተመራማሪ የለም፤ የአደባባዩ ሰልፍና የተራ መጠበቁ ሰልፍ የተጋቡበት ዘመን ነውና። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው። ሰልፍ ወጣ አልወጣ የሚለውን የሚያውቀውም ያው ቀበሌ ነው። ስለዚህ አባወራው ጠዋት በአደባባዩ ሰልፍ ላይ ይታያል፤ ታይቶ ሲያበቃ በስኳሩ ሰልፍ ላይ ፊት አይነሣም። በአንደኛው እጁን ጨብጦ ያነሣል፣ በሁለተኛው ዘንቢሉን ይዘረጋል። የቀበሌው ኮሚቴ ያን ጊዜ «ንቃት» ይለው የነበረው ይህን ነው።

ወደ ዋናው፣ ወደ ተራ መጠበቁ ሰልፍ እንምጣ። እዚህ ላይ ተሰላፊው የግድ ሰው መሆን የለበትም። ለውኃና ለጋዝ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው፤ ባለቤቱ ጥላ ሥር ያወራል። ጀሪካን ባልተገኘበት ድንጋይ ይሰለፋል፤ ድንጋዩ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ድንጋይ ከሰው የሚሻለው «እዚህ ነበርኩ እኮ፣ አስጠብቄ ነው የሄድኩት» ስለማይል ነው።

ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው ደግሞ «ሰላም ባይ» የተባለውን ዝርያ ያውቀዋል። ይህ ሰው ሰልፍ አይጥስም፤ ጨዋ ነው። መሀል ላይ የሚያውቃት ሴት ስትታየው ፊቱ ያበራል። «አንቺ! ምነው ጠፋሽ? እማማ እንዴት ናቸው?» ይላል። የእማማ ስኳር፣ የእማማ ግፊት፣ እማማ ያልተስማማቸው መድኃኒት በዝርዝር ይነሣል። ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ፤ ሆኖም የሰው እናት ታማ ጨዋታ አያቋርጡም። ታክሲው ሲመጣ የእማማ ጉዳይ ባለበት ይቆምና ሁለቱም ይገባሉ።

ጠዋት በየመሥሪያ ቤቱ በር የሚታየው ግን ለብቻው ጥናት የሚገባው ነው። ገና ሳይነጋ ጋቢ የለበሱ ሰዎች በሩን ከበው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀትና እስክሪብቶ ያወጣል። ማንም አልሾመውም። ስም ይመዘግባል፤ ዘግይቶ የመጣውን ይገሥጻል፣ ለነፍሰ ጡር ይፈቅዳል፣ ለአዛውንት «እርስዎ ይቀመጡ አባባ፣ ስምዎን እኔ እጠራለሁ» ይላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጥበቃው በሩን ከፍቶ «ያ ዝርዝር አይሠራም፣ አዲስ ተሰለፉ» ሲል መንግሥቱ ይወድቃል። ዕድሜው ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ግን ግብር አልጣለም፣ ማንንም አላሰረም። በሥነ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ለምን እንደማይጠና አልገባንም።

በመጨረሻ ለጥናቱ ማሟያ ከአንድ ኅብረት ሱቅ ደጅ ረጅም ሰልፍ ላይ ጥያቄ ቀርቦ ነበር።

«እማማ፣ የምንድን ነው ሰልፉ?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ዘይት መጣ ሲሉ ነው የሰማሁ። አንተ ግን ከእኔ ኋላ ነህ፤ ከኔ ኋላ ያለችው ደግሞ አሁን ትመጣለች፣ ድንጋይዋ ይቺውልህ።»