ከግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ የመንን በስልክ

ጎንደር ተወልዶ፣ ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር ኳስ ሲያሳድድ አድጎ፣ ስለ የመን የሚያውቀውን ሁሉ ከቲክቶክ የተማረ የልጅ ልጅ አለኝ። ልጁ ደደብ አይደለም፤ ደደብ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር። ሁቲዎች ኅዳር 2016 ላይ ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከሄሊኮፕተር ወርደው እንዴት እንደያዟት፣ ድሮናቸው ምን እንደሚመስል፣ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ሲዞሩ ምን ያህል እንደሚከስሩ አንድ በአንድ ይተነትናል። «አጼ ፋሲል ለየመን ኢማም ደብዳቤ ልከው እንደነበር ታውቃለህ?» ባልኩት ጊዜ ግን ቀና ብሎ አየኝና፣ «የቱ ፋሲል? ፋሲል ከነማ?» አለኝ።

የእግር ኳስ ክለብ ለየመን ኢማም ምን ብሎ ይጽፋል እባካችሁ? አጥቂ አውሱን ብሎ?

የታሪክ መምህር ነበርኩ። ደባርቅም አስተምሬያለሁ፣ ጎንደርም አስተምሬያለሁ፤ ዓይኔን የጥቁር ሰሌዳ፣ ሳንባዬን የጠመኔ ብናኝ ጨርሶታል። ጡረታ ወጥቼ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ጥላ ፍለጋ ስቀመጥ እንኳ ዜና አይለቀኝም፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሁሉ ስልኩን ያስጮኸዋል። በእኛ ጊዜ ዜና ማታ ማታ ነበር የሚመጣ። የጀርመንን ድምፅ ወይም የአሜሪካን ድምፅ ለመስማት ሬዲዮናችንን እንደ ሕፃን አቅፈን አንቴናውን እያዞርን፣ ግማሹን ሰምተን ግማሹን ገምተን እንተኛ ነበር። ቢያንስ ሌሊቱን የምናብላላበት ጊዜ ነበረን። ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪው «ጋሼ፣ ማታ የሰሙት ነገር ምንድን ነው?» ይለኛል፤ እኔም ካርታዬን ሰቅዬ እጀምራለሁ። አሁን በየደቂቃው ሰበር ዜና ነው። አንዱ ሳይጠገን ሌላው ይሰበራል፤ መጠገኛው የታሪክ መምህር ደግሞ ጡረታ ወጥቷል፣ ያልወጣውም ለፈተና ያዘጋጃል።

እሑድ ዕለት ቡና ሲፈላ ልጁን አጠገቤ አስቀመጥኩት። ስልኩን ተቀብዬ ትራስ ሥር ከተትኩና ረከቦቱን ወደ እኔ ሳብኩ። ጀበናዋ የመን ትሁን አልኩት፤ እዚያም ቡናው አይታማም። ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ወለል ቀይ ባሕር። ማጨሻው ጎንደር፤ ጭስ አጥቶ ስለማያውቅ። የስኳር ዕቃው ምጽዋ፣ ክዳኑ ደግሞ ቱርክ፤ ምክንያቱም ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ1557 ጀምሮ ምጽዋ ላይ ተቀምጦ የሚገባውንም የሚወጣውንም ሲቀርጥ ነበር።

አጼ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ከአባታቸው ከአጼ ሱስንዮስ ሲረከቡ አገሩ በሃይማኖት ጦርነት ደክሞ ነበር። የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ኢየሱሳውያንን አባረሩ። ካባረሩ በኋላም እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ፖርቱጋሎች ከህንድ ከጎዋ በመርከብ ይመለሳሉ የሚል ስጋት አለ። ስለዚህ አንድም የካቶሊክ ቄስ እንዳያሳልፉ ከምጽዋና ከሱዋኪን ቱርኮች ጋር ተዋዋሉ። ግን ቱርክ በረኛ ሲሆን በነፃ አይደለም፤ በሩን የያዘ ዋጋውን ይጠራል። በዚህ መካከል ከባሕሩ ማዶ የዘይዲ ኢማሞች ቱርክን ከየመን አባረው አስወጡ። ይህ የሆነው ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በተቆረቆረችበት ሰሞን ነው። ፋሲል ነገሩን ሰሙ። ቱርክ ያልረገጠው ወደብ ከወዴት ይገኛል ብለው ሲያስቡ ከአሰብ በስተሰሜን ያለችው ቤይሉል ታየቻቸው። በዚያ በኩል የንግድ መንገድ እንክፈት ብለው ለኢማሙ ጻፉ። አንድ ሲኒ አንሥቼ ከስኳር ዕቃው ራቅ አድርጌ ቄጠማው ላይ አስቀመጥኩ፤ ይቺ ቤይሉል ናት አልኩት።

ቀጥሎ ያለውን ልጁ በጣም ወደደው። ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማኢል ደብዳቤው ሲደርሳቸው የሐበሻው ንጉሥ ሊሰልም ነው ብለው ጠረጠሩ። ይህን የመሰለ ዕድል እንዴት ያልፋል! አል-ሐይሚ የሚባል የተማረ ቃዲ መርጠው ላኩ። ሰውየው ባሕሩን ተሻግሮ ቤይሉል ወረደ፣ የአፋርን በረሃ በስንት መከራ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር ገባ። ገብቶ ቢያይ ንጉሡ የሚያወሩት ስለ ወደብ ነው፤ እሱ የመጣው ስለ ነፍስ ነው። ተከባብረው ተስተናገዱ፣ ሳይግባቡም ተለያዩ። መንገዱም ሳይከፈት ቀረ፤ መልእክተኛው ሲመለስ በዚያው በቱርኮቹ ምጽዋ በኩል ነው የወጣው። ሰውየው ግን የዋለበትን ያደረበትን በመጽሐፍ አሰፈረ። የፋሲልን ግንብ ከአድናቆት ጋር ገልጾታል፤ ሠሪው ህንዳዊ እንደሆነም ጽፏል። ልጁ ኳስ የሚያነጥርበትን ግንብ የመናዊ ቃዲ ከአንገቱ ቀና ብሎ አይቶ ጽፎለታል ማለት ነው። በእኛ ዘመን መርከብ ሲያሳድዱ ያየናቸው ሁቲዎችም የተነሡት ከዚያው ከሰሜን የመን የዘይዲ ወገን ነው፤ የኢማሞቹ መንበር በመጨረሻ የተገለበጠው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

«ታዲያ አባባ፣ ይህን ለምን አላስተማሩንም?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ባለቤቴ ገባችና፣ «ምነው አንቱ! ሲኒዬን በሙሉ መሬት ላይ ዘርግተው ምን ሟርት ነው?» አለች። ባሕሩ ተጠረገ፣ ቱርክም ወደ ስኳር ዕቃው ተመለሰ።

ይህን የምለው እንግዲህ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ሰፈር ላለ ልጅ ነው። በሩ በተዘጋበት ወረዳ ያለው ሕፃን ነገር ከቀልድ በላይ ነውና እዚህ አልነካውም።

ክፍል የገባውም ቢሆን ምን ያገኛል? የጎንደር ዘመን የተጀመረው መቼ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የመተማ ጦርነት የተደረገው መቼ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጁ «ለ»ን ያጠቁራል፣ ትክክል ነው፣ ነጥቡን ይይዛል። ከዚያ ወጥቶ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ የሚል ዜና ሲሰማ መተማ የምትባለዋ ጥቁር ክብ ውስጥ ታሽጋ ቀርታለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ስንት ሱዳናዊ ልጁን ታቅፎ በመተማ በኩል ወደ እኛ እንደገባ ጎንደር የማያውቅ የለም። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ አጼ ዮሐንስ የሞቱባት መተማ ይቺው ናት?» ብሎ ጠይቆኛል። ሌላ መተማ ከየት ላምጣለት!

እስቲ ደግሞ ይህን እዩ። በ1876 ዓ.ም. እንግሊዞች አድዋ ድረስ መጥተው ከአጼ ዮሐንስ ጋር ውል ፈረሙ፤ የሂወት ውል ይባላል። ሱዳን ውስጥ በመሐዲስቶች ተከቦ የቀረው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ዮሐንስ ይርዱ፤ በምትኩ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፣ በምጽዋም ዕቃቸው ያለ ቀረጥ ይለፍ። አሁንም ምጽዋ! ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ፣ ጦሩን አስወጡ፤ በዚህም ከመሐዲስቶቹ፣ እኛ ድርቡሽ ከምንላቸው ጋር ደም ተቃቡ። እንግሊዝ ግን ውሉ ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ምጽዋን ሲይዝ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። የዕዳው ደብተር የተከፈተው አድዋ፣ የተከፈለው ጎንደር ላይ ነው። ጥር 1880 ላይ ድርቡሽ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ከተማችን ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ንብ ነው ያዳናት ይላሉ አባቶች፣ እኔም አልከራከርም። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ቆሰሉ፣ በዚያው አለፉ። የአያቶቻችን ቤተ ክርስቲያን የነደደው ሌላ አገር ለገጠመው ጣጣ እጃችንን ስላስገባን ነው። የጎረቤት ጦርነትና የትልልቅ መንግሥታት ቃል ኪዳን በዜና ሲነሣ ጎንደሬ ተማሪ ጆሮው ሊቆም አይገባም?

ገበሬውማ ከተማሪው ይሻላል። ዳባት ገበያ ላይ አንድ የማውቀውን ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አነሣሁበት። ከሞሮኮ የምንገዛው ማዳበሪያ በስዊዝ አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርዶ፣ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ ነው ጅቡቲ የሚደርሰው። ገበሬው የባሕሩን ስም አያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን «ማዶ ያሉት ሰዎች እየተኮሱ ነው አሉ፤ ጭነቱ ይዘገያል ማለት ነው» አለኝ። መቶ ከመቶ ሰጠሁት። ፋሲልም ያስጨነቃቸው ይኸው የበር ነገር ነበር፤ የገበሬው ኩንታል ላይ ሲደርስ ስሙ ተቀየረ እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ቁስሌ ልምጣ፤ ከማያገናኘው ተማሪ ይልቅ የሚብሰኝ ሁሉን የሚያገናኘው ሰው ነው። ፒያሳ ማኪያቶ የሚጠጡ የታሪክ ሊቃውንት አሉን። አገር ትንሽ ሲናጋ «ዘመነ መሳፍንት ተመለሰ!» ሹም ሲሻር «ራስ ሚካኤል ስሑል!» ኃይለኛ ሰው ብቅ ሲል «ቴዎድሮስ!» ደረስጌ ማርያም የቴዎድሮስ ዘውድ የተጫነባት መሆኗን እንኳ የማያውቅ ሰው በቀን ሦስት ቴዎድሮስ ያነግሣል። የወደብ ወሬ ከተነሣ ወዲህማ አንዱ ጎረምሳ፣ «ፋሲል ቤይሉልን ፈልገው ነበርና እኛም…» ብሎ ጠረጴዛ ሲመታ ሰማሁት። አስቆምኩት። ልጄ፣ በፋሲል ዘመን በሩን የያዘው ከባሕር ማዶ የመጣ ቱርክ ነበር፤ ዛሬ ዳርቻው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ዓለም ያወቀው፣ ባንዲራ ያለው ጎረቤት አገር ነው። ፋሲልም ቢሆኑ የላኩት ደብዳቤ ነው፤ ቃዲ አስተናገዱ እንጂ ጦር አላዘመቱም። ታሪክ ጠቅሰህ ልትፎክር ከሆነ እስከ መጨረሻው ጥቀሰው አልኩት። «ሽማግሌው ተናደዱ» ብለው ሳቁ፤ ማኪያቶዬን ግን ከፈሉልኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ችግሩ ይህ አይደል።

መመሳሰል ፍለጋ የሰነፍ ሥራ ነው። ዛሬን ከትናንት ጋር ያሰረው ገመድ የሚገኘው መንገድና ወደብ፣ ቀረጥና ውል ሲፈተሽ ነው። ማን በሩን ያዘ? ማን ከፈለ? ማን ቃሉን በላ? ከዚያ ደግሞ ምን ተለወጠ? ይቺን የመጨረሻዋን የዘለለ ተማሪ ከእኔ ክፍል አምስት ከአሥር በላይ አግኝቶ አያውቅም፤ ወላጁ ሊከራከር መጥቶም ቢሆን።

የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር ለዚህ ትምህርት መሣሪያ የሞላበት ከተማ ውስጥ መሆናችን ነው። ፖስታ ቤታችንን ጣሊያን ሠራው፤ ደባርቅን አልፎ ቁልቁል የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድም እንዲሁ። በዜና ማዕቀብ ማዕቀብ ሲባል የሚሰማ ልጅ እዚያ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሞ ቢነገረው ምን ነበረበት? የመንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፣ ነዳጁን ግን አልከለከለም። ስዊዝንም አልዘጋም፤ የፋሽስት ወታደርና ጥይት የቦዩን ቀረጥ እየከፈለ ነው ያለፈው። ማዕቀብ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ያልተጻፈውን አንብብ የሚለው ትምህርት በሲሚንቶ ቆሞልናል። እኛ ግን ፊቱ ሰልፊ እንነሣበታለን። ቱሪስት የሚያስጎበኘው ልጅ ለፈረንጁ የሚያወራውን ለራሱ ታናሽ ወንድም አውርቶት አያውቅም፤ ጉርሻ የለዋ!

እናንተ ገና ጠመኔ የያዛችሁ መምህራን፣ ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ስረቁ። ርእሰ መምህሩ ቢቆጣ እኔ ነኝ ያልኳቸው በሉት፤ ጡረተኛ ምን ይደረጋል። ከዜናው አንዱን ብቻ ምረጡ። ተማሪው አስቀድሞ ቦታውን ካርታ ላይ ያሳያችሁ፤ ከዚያ ያንን በር ከመቶ፣ ከሁለት መቶ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ማን ይዞት እንደነበር ቤቱ ሄዶ ይፈልግ። በስልኩም ቢሆን ይፈልግ፤ ስልኩን የጠላሁ መስሏችሁ እንደሆነ፣ የጠላሁት ልጁ ከእሱ የሚጠይቀውን ነገር ማነስ ነው። መጀመሪያ ቤይሉልን ስጧቸው። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነች፣ ከአሰብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብዙም አትርቅም፤ የግድግዳ ካርታችሁ ላይ ካጣችኋት በእርሳስ ነጥብ አድርጉላት።